የቤት ኮምፒውተራችሁ ከውጭ አልገባ ሲላችሁ፦ የሪሞት ዴስክቶፕ ችግርን ከውስጥ ጀምሮ መፍታት

«ቤት ያለው ኮምፒውተሬ ከውጭ ሆኜ አልገባልኝ አለ። ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቻለሁ። ምን ቀረኝ?»

ይህ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይደርሰኛል። አንዱ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነው ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ሥራው ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር የሚያዞረው የሒሳብ ባለሙያ ነው። ሌላዋ አዲስ አበባ ቤተሰቦቿ ጋ የተወችውን ኮምፒውተር ቨርጂኒያ ሆና መክፈት ትፈልጋለች። ሁለቱም ከውጭ እየሞከሩ ነው የደከሙት። ከውጭ ስትሞክሩ ኮምፒውተሩም፣ ራውተሩም፣ ኢንተርኔት አቅራቢውም ባንድ ላይ ተጠርጣሪ ናቸው። የትኛው እንዳስቸገረ አታውቁም። ስለዚህ ከውስጥ ጀምሩ። አንዱ ደረጃ መሥራቱን ሳታረጋግጡ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

መመሪያው ስለ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም አንድን ኮምፒውተር ከሌላ ቦታ ሆኖ ለመክፈት ስለሚያገለግለው የዊንዶውስ መሣሪያ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላላቸው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ከቻላችሁ ለዚህ ሥራ 11 ያለበትን ማሽን መድቡ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ቤት የሚቀመጠው ኮምፒውተር፣ ከአድሚን አካውንቱ ጋር
- ለመሞከሪያ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ
- የራውተሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ (ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል)
- የሞባይል ዳታ ያለው ስልክ
- ከተገኘ የኔትወርክ ኬብል፤ ዋይፋይ ሲቆራረጥ ችግሩን ሌላ ያስመስላል
- ወረቀትና እስክሪብቶ፤ የምትጽፏቸው ቁጥሮች አሉ
- እናንተ ስትርቁ ቤት የሚገኝ፣ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው

ከመጀመራችሁ በፊት

ማስጠንቀቂያ አንድ፦ ፖርት 3389ን (ፖርት ማለት ፕሮግራም በኔትወርክ የሚገናኝበት ባለ ቁጥር በር ነው) ራውተር ላይ ለኢንተርኔት አትክፈቱ። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀመው ፖርት ይህ ስለሆነ፣ ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን እያሰሱ ይህን ፖርት የሚፈልጉና ፓስወርድ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች አሉ። ቁጥሩን ወደ ሌላ መቀየርም አያድንም፤ ሌሎቹንም ፖርቶች ያስሳሉ። የከፈታችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ሰርዙት። «ዲኤምዜድ» የሚለው ቦታ ላይ የኮምፒውተራችሁ አድራሻ ገብቶ ከሆነ እሱንም አጥፉ፤ እሱ አንድ ፖርት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነው የሚከፍተው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ «ኢቨንት ቪወር» ውስጥ «ሴኩሪቲ» የሚለውን መዝገብ ክፈቱና ቁጥር 4625 ፈልጉ። ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ማለት ነው። የማታውቋቸው ስሞች ተደርድረው ካያችሁ፣ ፓስወርዳችሁን ሳትቀይሩ ወደ ሌላ ነገር አትሂዱ።

ማስጠንቀቂያ ሁለት፦ ደውሎ «ከባንክ ነው» ወይም «ከማይክሮሶፍት ነው» ብሎ ኤኒዴስክ (ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያስከፍት ፕሮግራም) ጫኑ፣ ቁጥሩን ንገሩኝ የሚል ሰው ሌባ ነው። ስልኩን ዝጉበት። ቤት ላሉት አዛውንቶችም ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩ መቀበል የሚችል መሆኑን እዩ

«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ግቡ። «ኤዲሽን» በሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን አንብቡ። «ፕሮ»፣ «ኢንተርፕራይዝ» ወይም «ኤጁኬሽን» ከሆነ ቀጥሉ። «ሆም» ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ።

ዊንዶውስ ሆም ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ይችላል፤ ሌላውን ግን ማስገባት አይችልም። ሱቅ የሚሸጡ ብዙ ላፕቶፖች ሆም ናቸው። ሰው ግን ይህን ሳያይ ራውተሩን ሲጎረጉር ይውላል። ሆም ከሆነባችሁ ወይ ወደ ፕሮ ታሳድጉታላችሁ፣ ወይ ደረጃ 7 ላይ ሦስተኛውን መንገድ ትወስዳላችሁ።

ደረጃ 2፦ አብሩት፤ እንዳይተኛም አድርጉት

«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሪሞት ዴስክቶፕ» ግቡና አብሩ። እዚያው «ኔትወርክ ሌቭል ኦተንቲኬሽን» የሚል ምርጫ ካያችሁ እንደበራ ተዉት። ገቢው ማንነቱን ሳያረጋግጥ የኮምፒውተሩን የመግቢያ ገጽ እንኳ እንዳያይ የሚከለክለው እሱ ነው። «አላስገባ አለኝ» ብሎ መጀመሪያ እሱን የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው። አታጥፉት።

ቀጥሎ «ፓወር» የሚለው ውስጥ፣ ቻርጀር ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ የሚተኛበትን ጊዜ «ኔቨር» አድርጉት። የተኛ ኮምፒውተር መልስ አይሰጥም። ስክሪኑ መጥፋቱ ግን ችግር የለውም። ላፕቶፕ ከሆነ «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ «ዱ ናቲንግ» እንዲሆን ምረጡ። ክዳኑ ተዘግቶ ሲሠራ ስለሚሞቅ አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አታስቀምጡት።

ደረጃ 3፦ ፒን ፓስወርድ አይደለም

ለቤት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ይሄ ደረጃ ነው። ኮምፒውተሩን በየቀኑ በአራት አኃዝ ፒን ወይም በጣት አሻራ ትከፍቱታላችሁ። ሪሞት ዴስክቶፕ ግን ፒኑን አይቀበልም። ፒኑ የሚሠራው እዚያው ማሽን ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ከውጭ ስትገቡ የሚጠየቀው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው።

በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ ዩዘርኔሙ ሙሉ ኢሜይላችሁ፣ ፓስወርዱም የማይክሮሶፍት አካውንቱ ነው። ኢሜይሉን ብቻ አልቀበል ካለ፣ ከፊቱ «ማይክሮሶፍትአካውንት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ገጥማችሁ ጻፉ፣ ባክስላሽ ጨምሩ፣ ከዚያ ኢሜይሉን አስከትሉ።

ፓስወርዱ ትክክል ሆኖም «ክሬደንሻል አልሠራም» (ዩዘርኔሙ ወይም ፓስወርዱ ተቀባይነት አላገኘም) የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ኮምፒውተሩን ከገዛችሁ ጀምሮ በፒን ብቻ ስትገቡ ኖራችሁ ከሆነ፣ ማሽኑ ፓስወርዳችሁን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። መጥቶ ሲቀርብለት የሚያመሳክርበት የለውም። መፍትሔው እንዲህ ነው፦

ሀ. «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ «ሳይን-ኢን ኦፕሽንስ» ግቡ።
ለ. በዊንዶውስ ሄሎ (በፒን፣ በጣት አሻራ ወይም በፊት) ብቻ መግባት እንዲፈቀድ የሚያደርገውን ማብሪያ አጥፉ።
ሐ. ኢንተርኔቱ እንደበራ ስክሪኑን ቆልፉ።
መ. መግቢያው ገጽ ላይ «ሳይን-ኢን ኦፕሽንስ» ነክታችሁ የቁልፍ ምልክቷን ምረጡ፣ በፓስወርዱ አንድ ጊዜ ግቡ።

ከዚያ በኋላ ወደ ፒናችሁ ብትመለሱም ችግር የለም።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ፓስወርድ የሌለው አካውንት ካለውም አይሠራም። ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድ ያለውን ሰው በኔትወርክ አያስገባም። ረጅም ፓስወርድ ስጡት። አካውንቱ አድሚን ካልሆነ ደግሞ እዚያው ሪሞት ዴስክቶፕ ገጽ ላይ ባለው የተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ ጨምሩት።

ደረጃ 4፦ እዚያው ቤት ውስጥ ሆናችሁ ሞክሩ

«ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ግቡ። የዋይፋዩን ወይም የኬብሉን ዝርዝር ክፈቱ። «አይፒቪ4 አድራሻ» የሚለውን (የኮምፒውተሩ አይፒ፣ ማለትም በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር ነው) ወረቀቱ ላይ ጻፉ። 192.168.1.20 ዓይነት ነገር ይሆናል። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር አልተነጋገረም፤ ኬብሉን ወይም ዋይፋዩን አስተካክሉ።

አሁን በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ሌላ ኮምፒውተር «ሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽን» ከፍታችሁ ያንን ቁጥር አስገቡ። በስልክ ወይም በማክ ከሆነ «ዊንዶውስ አፕ» የሚባለውን የማይክሮሶፍት መተግበሪያ ተጠቀሙ።

ከገባ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ችግር ከራውተሩ ወዲያ ነው። ካልገባ ከዚህ አትለፉ፤ እነዚህን እዩ፦

- መሞከሪያው «ጌስት» ዋይፋይ ላይ ነው? ብዙ ራውተሮች የእንግዳውን ዋይፋይ ከዋናው ይነጥሉታል። ሁለቱንም ዋናው ላይ አድርጉ።
- ፋየርዎል፦ «አላው አን አፕ» የሚለውን የዊንዶውስ ፋየርዎል ገጽ ክፈቱ። «ሪሞት ዴስክቶፕ» ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ፤ ኔትወርካችሁ «ፐብሊክ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ በዚያ ረድፍ ጭምር።
- የራሱ ፋየርዎል ያለው አንቲቫይረስ ከተጫነ እሱም ሊዘጋው ይችላል። እሱ ውስጥም ፍቀዱ።

ፒንግ (ኮምፒውተሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ መሞከሪያ ትእዛዝ) አድርጋችሁ መልስ ስላጣችሁ ብቻ «ሞቷል» አትበሉ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒንግን ከልክሎ ሪሞት ዴስክቶፕን ሊፈቅድ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ኮምፒውተሩ አድራሻውን እንዳይቀይር አድርጉ

ራውተሩ አይፒ የሚያድለው በውሰት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ትናንት 20 የነበረው ዛሬ 23 ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ገጽ ውስጥ ግቡ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው)። «ዲኤችሲፒ» የሚለው ሥር «ሪዘርቬሽን» ፈልጉና የኮምፒውተሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ከምትፈልጉት አይፒ ጋር አያይዙ። ዊንዶውስ ማክ አድራሻውን «ፊዚካል አድራሻ» ብሎ ነው የሚያሳያችሁ።

ዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ «ራንደም ሃርድዌር አድሬስ» የሚለውን አጥፉ። አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ማክ አድራሻውን እየቀያየረ ሪዘርቬሽኑን ከንቱ ያደርገዋል።

ወደ ደረጃ 7 የመጀመሪያው መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ደረጃ መዝለል ትችላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ራውተራችሁ እውነተኛ የውጭ አድራሻ አለው?

ራውተርን እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። ከግቢ የሚወጣውን አይከለክልም። ከውጭ የሚመጣ እንግዳን ግን «ወደየትኛው ቤት ነህ?» ብሎ ይመልሳል። ፖርት መክፈት ማለት ለዘበኛው «እንዲህ የሚል ከመጣ እዚያ ቤት አስገባው» ብሎ መንገር ነው። ችግሩ፣ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛን በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር ያጭቃሉ። ከእናንተ ዘበኛ በላይ የሰፈሩን በር የያዘ ሌላ ዘበኛ አለ ማለት ነው። እሱን ልታዙት አትችሉም። በሲም ካርድ የሚሠራ የቤት ራውተር ካላችሁ በተለይ ይህን ጠርጥሩ።

ፍተሻው አጭር ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ «ስታተስ» ውስጥ «ዋን አይፒ» የሚለውን (ራውተሩ ከአቅራቢው የተሰጠውን አድራሻ) ጻፉ። ቀጥሎ ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ አድራሻ የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ካላችሁ አጥፉና ከዚያው ዋይፋይ አይፒያችሁን የሚያሳይ ድረ ገጽ ከፍታችሁ የሚያሳያችሁን ጻፉ። ከዚያ አወዳድሩ።

ሁለቱም ለምሳሌ 203.0.113.25 ካሉ እውነተኛ አድራሻ አላችሁ።

ራውተሩ 100.72.15.9 ብሎ ድረ ገጹ ሌላ ካለ አድራሻው የጋራ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው በሙሉ ለዚሁ የተመደበ ነው። በ10 የሚጀምር፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ያለውም የውስጥ አድራሻ ነው።

ራውተሩ ራሱ ዋን ላይ 192.168 ካሳየ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ራውተር ተቀጣጥሏል። አቅራቢው የሰጣችሁ ሣጥን አንድ፣ እናንተ የገዛችሁት ሁለት። የእናንተን ወደ «ብሪጅ» ወይም «አክሰስ ፖይንት» ቀይሩትና እንደገና አወዳድሩ።

አድራሻው የጋራ ከሆነ ራውተር ላይ ፖርት ስትከፍቱ ብትውሉ ዋጋ የለውም። አቅራቢውን ክፍያ ከፍሎ የራስ አድራሻ ማግኘት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አንድ መንገድ ነው። እኔ ግን ለቤት ኮምፒውተር ገንዘብ አላወጣበትም።

ደረጃ 7፦ መንገዳችሁን ምረጡ

የመጀመሪያው መንገድ፦ ቴይልስኬል፣ የራሳችሁን ማሽኖች በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መንገድ የሚያገናኝ ፕሮግራም። ፕሮ ላላቸው ሁሉ ከዚህ እንዲጀምሩ ነው የምመክረው። ለግል አገልግሎት ነፃ አማራጭ አለው። ሁለቱም ማሽኖች ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚደውሉ ዘበኞቹ አያግዷቸውም፤ የጋራ አድራሻ ቢሆንም ይሠራል።

1. ቤት ባለው ኮምፒውተርና ይዛችሁት በምትዞሩት ላይ ጫኑ፤ በአንድ አካውንት ግቡ። አካውንቱ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑር፤ የቤታችሁ ቁልፍ እሱ ሆኗልና።
2. ቤት ያለው ማሽን በ100 የሚጀምር አድራሻ ይሰጠዋል። ጻፉት። ደረጃ 6 ላይ ካያችሁት የራውተር አድራሻ ጋር አታምታቱት።
3. ቤት ባለው ላይ ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ፕሪፈረንስ» ውስጥ «ራን አንአቴንድድ» የሚለውን አብሩ። ይህን የዘለለ ሰው፣ ዊንዶውስ ሌሊት አፕዴት አድርጎ ሪስታርት ሲያደርግ ይቀርበታል። ማንም ሎግ ኢን ስላላደረገ ቴይልስኬል አይነሳም።
4. በድረ ገጹ የማሽኖች ዝርዝር ላይ ቤት ላለው «ዲሴብል ኪ ኤክስፓይሪ» ምረጡ። ካልነካችሁት ፈቃዱ በ180 ቀን ያበቃል። «ስድስት ወር ሠርቶ ድንገት ቆመ» የሚሉኝ ሰዎች ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።
5. ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ያንን በ100 የሚጀምረውን አድራሻ አስገቡ።

ሁለተኛው መንገድ፦ እውነተኛ አድራሻ ካላችሁና ራውተራችሁ ዋየርጋርድ (ከውጭ ወደ ቤታችሁ ኔትወርክ የሚያስገባ ቪፒኤን) ካለው እዚያው አብሩት። ለውጭ የሚከፈተው የዋየርጋርዱ ዩዲፒ ፖርት ብቻ ነው፣ በተለምዶ 51820። 3389 ዝግ እንደሆነ ይቀራል። ከተገናኛችሁ በኋላ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ የምታስገቡት ደረጃ 5 ላይ ያያያዛችሁትን አይፒ ነው። የውጭ አድራሻችሁ የሚቀያየር ከሆነ ራውተሩ ላይ ዲዲኤንኤስ (የሚቀያየረውን አድራሻ በአንድ ቋሚ ስም የሚያስጠራ አገልግሎት) አብሩ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ያረፋችሁበት ሆቴል ወይም ካፌም 192.168.1 የሚል ኔትወርክ ካለው፣ ስልካችሁ 192.168.1.20ን ካፌው ውስጥ ይፈልጋል። ስለዚህ የቤታችሁን ኔትወርክ ቀድማችሁ ወደ 192.168.77 ዓይነት ያልተለመደ ቁጥር ቀይሩት።

ሦስተኛው መንገድ፦ ዊንዶውስ ሆም ካላችሁ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ኤኒዴስክ ወይም ረስትዴስክ። እነዚህም የጋራ አድራሻ አያግዳቸውም። ሰው በሌለበት እንዲያስገቧችሁ ኮምፒውተሩ ላይ በትክክል መጫንና የራሳቸው ፓስወርድ ወይም ፒን መስጠት ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ዳውንሎድ ተደርጎ የተከፈተ ፋይል ከሪስታርት በኋላ አይነሳም።

ዓላማችሁ እናታችሁን ወይም አባታችሁን በስልክ እያናገራችሁ መርዳት ከሆነ ይኸኛው ይሻላል፤ ሁለታችሁም አንድ ስክሪን ታያላችሁ። በሪሞት ዴስክቶፕ ስትገቡ ግን ቤት ያለው ስክሪን ይቆለፋል። «ኮምፒውተሩ ተዘጋብን» ተብሎ ይደወልላችኋል። እነሱ መልሰው ሲገቡ ደግሞ እናንተ ትወጣላችሁ።

ደረጃ 8፦ በሞባይል ዳታ ሞክሩ

ከቤት ሳትወጡ የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በዳታ ግቡ፤ ወይም ላፕቶፑን በስልኩ ሆትስፖት አገናኙ። በቤቱ ዋይፋይ ላይ ሆኖ የራስን የውጭ አድራሻ መሞከር አያስተማምንም። አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ መልሶ የሚገባን አይቀበልም። እየሠራ ያለውን «አልሠራም» ብላችሁ ታፈርሱታላችሁ። ይህን ሙከራ ከጉዞው በፊት አድርጉት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሆኖ የራውተር ፓስወርድ መፈለግ አይመችም።

ደረጃ 9፦ መብራት ቢሄድስ?

ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ። «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» ወይም ተቀራራቢ ስም ያለውን «ፓወር ኦን» አድርጉት። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ይህ ዴስክቶፖች ላይ የተለመደ ነው፤ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ላፕቶፕ ግን ባትሪ ስላለው አጭር መቋረጥን ይችላል። ትንሽ ዩፒኤስ ካላችሁ ራውተሩንም አብራችሁ ሰኩበት፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ ፈትኑት። ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በትክክል ዝጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ መልሱት። ፒን ሳትነኩ፣ ሎግ ኢን ሳታደርጉ በስልኩ ዳታ ግቡ። ከገባላችሁ ተሳክቷል።

የሚመጡ መልእክቶችና የተለመዱ ስሕተቶች

- ስሕተት 0x104፦ በስም ነው የሞከራችሁት፣ ስሙ አልተገኘም። በስሙ ፋንታ አይፒውን አስገቡ።
- ስሕተት 0x204፦ ኮምፒውተሩ ጋ አልተደረሰም። ተኝቷል፣ ጠፍቷል፣ ወይም ፋየርዎል ነው። ወደ ደረጃ 2 እና 4 ተመለሱ።
- «ክሬደንሻል አልሠራም»፦ ደስ ይበላችሁ፣ መንገዱ ክፍት ነው። የቀረው ደረጃ 3 ብቻ ነው። ራውተሩን አትንኩ።
- ገብቶ ጥቁር ስክሪን፦ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤንድ ባንድ ላይ ተጫኑ። ካልሆነ ውጡና «ሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽን» ውስጥ «ኤክስፒሪየንስ» በሚለው ገጽ «ፐርሲስተንት ቢትማፕ ካሺንግ» የሚለውን አጥፍታችሁ ተመለሱ።
- ይንቀረፈፋል፦ ወሳኙ የቤታችሁ የአፕሎድ ፍጥነት ነው፤ ስክሪኑ የሚላከው ከዚያ ነውና። የቀለሙን ጥራት ወደ 16 ቢት አውርዱ፣ የስክሪኑን መጠን ቀንሱ፣ ዎልፔፐሩን አጥፉ።
- አማርኛ አልጻፍ አለኝ፦ የአማርኛ መጻፊያውን ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫኑና እዚያው ቀያይሩ።
- ሥራ ሲያልቅ «ሻት ዳውን» መጫን፦ ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። ቤት ሰው ከሌለ ማን ያበራዋል? ከላይ ያለውን ባር ኤክስ በሉ፣ ወይም «ዲስኮኔክት» ምረጡ። የከፈታችሁት ፋይል እንደተከፈተ ይጠብቃችኋል።